መጋዙ የበረረ ዕለት

«ሰውዬው መጥቶ ይውሰደውና እንገላገል። እሱ እንደሆነ ከእንግዲህ ያለቀለት ሰው ነው።»

ፀጉር ሠሪዋ ይህን የሰማችው የፀጉር ቤቷን ቁልፍ ረስታ ከመንገድ ተመልሳ፣ በሩ ሥር ጎንበስ ብላ ጫማዋን ስታወልቅ ነው። የተናገረው ዋርሳዋ፣ የባሏ ታላቅ ወንድም ነበር። ከአማቷ ጋር ወጥ ቤት ተቀምጧል። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ያለ ስላልመሰላቸው ድምፃቸውን እንኳ አልቀነሱም። ዋርሳዋ ሻዩን ፉት እያለ ያቀደውን ለእናቱ ያስረዳል፤ ባሏ አናጢ ወደሆነው ጓደኛው ዘንድ ሄዷል፣ ሞተሩን ለመውሰድ የሚመለሰው ወደ እኩለ ቀን ላይ ነው፣ ከዚያ በፊት አንድ እንጨት ነጋዴ መጥቶ ለመለዋወጫ ይወስደዋል፣ ባሏ ሲጠይቅ ሌባ ገብቶ ነበር ይባላል። «አርባ ዓመት የሞላው ሰው በአውሮፕላን ሲጫወት ሰፈሩ ሳቀብን እኮ!» አለ። «ሰኞ እኛ መሥሪያ ቤት በር ላይ ጥበቃ ሆኖ ይገባል፣ ጨርሼለታለሁ። ወንበር አለ፣ ጥላ አለ። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?»

«ሚስቱስ?» አሉ አማቷ።

«እሷማ ትመርቀናለች። ድምፁን መስማት አትችልም አይደል እንዴ!»

ይሄ እንኳ እውነት ነበር። ሞተሩ የባሏ የእንጀራ ገመድ የነበረው የዛፍ መቁረጫ መጋዝ ሞተር ነው። ካቻምና ባሏ አንድ ግቢ ውስጥ የወደቀ ግንድ ሲቆርጥ፣ እሷ ምሳውን በሰሃን ይዛለት አጥሩ ጋ ደርሳ ነበር። የመጋዙ ድምፅ ድንገት ሲታነቅ፣ ከዚያ ሲያጓራ፣ ከዚያ ደግሞ የሰው ጩኸት ሲተካው የሰማችው እዚያው ቆማ ነው። መጋዙ ወደ ኋላ ዘሎ የቀኝ እጁን አውራ ጣትና ሌባ ጣት ይዞበት ሄደ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሞተር ብስክሌት በአጠገቧ ሲያልፍ ግድግዳ ትደገፋለች። ፀጉር ቤቷ ውስጥም ማድረቂያውን መክፈት አቅቷት ደንበኞቿ ፀጉራቸው እየተንጠባጠበ ወደ ቤታቸው የሄዱበት ጊዜ ነበር። ባሏ ግን ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ብዙ ጊዜ መስኮት መስኮት ሲያይ ከርሞ፣ አንድ ጠዋት መጋዙን ከአልጋ ሥር ጎትቶ በረንዳው ላይ መፍታት ጀመረ። ሊገላገለው ነው ብላ ደስ አላት። እሱ ግን የጣለው ሰንሰለቱን፣ ምላጩንና እጀታውን ብቻ ነው። ሞተሩን አስቀረ። ቮላኖ የሚባለውን ከባድ መዘውሩን ብረት የሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት ወስዶ አስቀለለው። ሰንሰለቱን ያሽከረክር በነበረው ዘንግ ጫፍ ላይ የእንጨት ውልብልቢት የሚይዝ ጭንቅላት አስገጠመለት። «ዛፍ ከሚጥል አውሮፕላን ያንሳ» አላት አንድ ማታ፣ እራት ላይ። ከዚያ ወዲያ በረንዳውን አልረገጠችም፤ የታጠበ ልብስ እንኳ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው የምታሰጣው፣ እዚያ በቅጡ ሳይደርቅ ሻግቶ ይሸታል። ለምን እንደሆነ እሱ ያውቃል፤ ማወቁንም እሷ ታውቃለች። ሁለቱም ስለዚህ ነገር አፋቸውን ከፍተው አያውቁም።

ስለዚህ ቁልፏን አንስታ ሹልክ ብላ ብትወጣ ያስጠላት ነገር ሁሉ ያለ እሷ እጅ ያልቅላት ነበር። ሆኖም ያቺ «ያለቀለት» የምትለዋ ቃል ደረቷ ላይ ተሰንቅራ ቀረች። ያለቀለት የሚባለው ጫማ ነው፣ ባትሪ ነው። ባሏ ጠዋት ከእሷ ቀድሞ ተነስቶ በረንዳው ላይ ሲያንጎራጉር ትሰማዋለች። ብሎን በግራ እጁ ማሰር ተምሯል። አንድ ቀን የሆነች ነገር ልክ ስትገባለት ብቻውን ከት ብሎ ሲስቅ፣ እሷ ከግድግዳው ወዲህ ሆና ሳታስበው ፈገግ ብላ ነበር። ይህ ሰው ነው ያለቀለት? ደግሞስ ማን ሆነው ነው ሰውን በሌለበት የሚጨርሱት?

በባዶ እግሯ በረንዳው ላይ ወጣች። ሞተሩ ከፀጉር ቤቷ በወሰደው አሮጌ ፎጣ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ለመንካት ትንሽ ዘገየች። ስታነሳው ግን ገረማት፤ ያ በሕልሟ እየመጣ የሚያስጨንቃት አውሬ ከአንድ ጥቅል ጎመን የሚበልጥ አልነበረም። ፎጣ የምታመላልስበት ትልቅ ቦርሳ ውስጥ ከተተችው። ስትገባ ሹልክ ብላ ያለፈችውን ገርበብ ያለ የወጥ ቤት በር ስትወጣም ማለፏ ግድ ነው። ዋርሳዋ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። አማቷ ግን ፊት ለፊት ናቸው፤ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። አማቷ ቦርሳውን አዩ። ቦርሳው ያበጠበትን ቅርፅ አዩ። የምራታቸውን ባዶ እግር አዩ።

«ሻይ ልጨምርልህ?» አሉ አማቷ፣ ለልጃቸው፣ ከወትሮው ጮክ ብለው።

ጫማዋን ያደረገችው ደረጃው ላይ ነው። ባሏ ጋ ደወለች፣ አያነሳም፤ አናጢ ቤት መላጊያው ሲጮህ እንኳን ስልክ ሰማይ ቢወድቅ አይሰማም። ፀጉር ቤት ለምትረዳት ልጅ ደውላ «ደንበኞቹን መንገድ ላይ ናት በያቸው» አለቻትና፣ የተናገረችው ውሸት ስላልነበረ ራሷን አሳቃት። ሚኒባስ ውስጥ ቦርሳውን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ብዙም ሳይሄዱ ረዳቱ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀስሮ ማሽተት ጀመረ።

«እናንተ፣ ቤንዚን የያዘ ሰው አለ እንዴ?»

«ሞተር ነው። ባዶ ነው፣ ሽታው ነው የቀረው» አለች።

«የምን ሞተር?»

ልትዋሽ ፈለገችና ውሸት አልመጣላትም። «የአውሮፕላን።»

መኪናው በሳቅ ታመሰ። «ታዲያ በሱ አትሄጂም ነበር? ከኛ ጋር ምን አጋፋሽ!» አለ ረዳቱ። አንዲት ወፍራም ሴትዮ ካላየሁ ብላ ቦርሳውን አስከፈተቻትና «ይሄ የሽንኩርት መፍጫ ነው» ብላ ፈረደች። ከኋላ ያሉት ትኬት ስንት እንደሆነ ጠየቁ። ፀጉር ሠሪዋ ሌላ ጊዜ ቢሆን በእፍረት መሬት ትገባ ነበር፤ ዛሬ ግን ከሰዎቹ ጋር አብራ ሳቀች። አናጢ ቤቱ ጋ ስትደርስ ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ወራጅ አለ! ፓይለቷ ትውረድ!» ብሎ ጮኸ።

ባሏ በሩ ላይ ቆማ ሲያያት ፊቱ አመድ መሰለ። መላጊያውን አጥፍቶ፣ «ማን ሞተ?» አላት።

«ማንም አልሞተም። ሞተርህን አመጣሁልህ።»

ከፎጣው ውስጥ ሞተሩን አውጥታ ሰጋቱራ የሞላው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ባሏ ሞተሩን አየ፣ እጆቿን አየ፣ እንደገና ሞተሩን አየ። በረንዳውን የማትረግጥ ሴት ይህን ታቅፋ ከተማውን እንዳቋረጠች ገብቶታል፤ ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቃትም። የምትቀመጥበት በርጩማ ላይ የነበረውን ሰጋቱራ በእጅጌው ጠረገላትና ወደ ሥራው ዞረ። አናጢው ብቻ ከአንዱ ወደ አንዱ እያየ «እንኳን መጣሽ እቴ፣ ይኸውልሽ ያገባሽውን እብድ» አለ። አውሮፕላኑ በግድግዳው ርዝመት ተጋድሞ ነበር። በወሬ ብቻ ነው የምታውቀው፤ አሻንጉሊት የሚያክል ነገር ነበር የሚመስላት። ክንፉ ከአልጋቸው ይሰፋል። ነጭ ጨርቅ ተወጥሮበት፣ ጨርቁ ቀለም ጠጥቶ እንደ ከበሮ ደርቋል። አፍንጫው ላይ ሞተሩ የሚገባበት ቦታ ባዶ ነበር፤ ፊት የሌለው ሰው ይመስላል።

ሞተሩን ሲያስሩ ባትሪ አብርታ ያዘችላቸው። ባሏ በቀሩት ሦስት ጣቶቹ ብሎኑን ይይዝና በግራው ቁልፉን ያዞራል። ብሎኑን የሚያጠብቀው ዳዶ እንዳይላቀቅ ማጣበቂያ ጠብ ያደርግበታል፣ «ይሄ ሞተር ይንቀጠቀጣል፣ የላላ ነገር አይወድም» እያለ፤ ለማን እንደሚናገር አይታወቅም። ከዚያ አውሮፕላኑን የሚያበርበትን ሪሞት ሲፈትሽ፣ ከቀኙ መሪ ላይ አንድ ረዘም ያለ ጥቁር ዘንግ ተተክሎ አየች። መሪውን የሚያንቀሳቅሰው አውራ ጣት ስለሌለው ነው፤ ዘንጉን በመሐልና በቀለበት ጣቱ መሐል ይዞ እንዲያዞረው። ዘንጉን ግን የምታውቀው መሰላት። ጎንበስ ብላ አየችው። ረጅም ጭራ ያላት፣ ፀጉር የምትከፍልባት ማበጠሪያዋ ናት፤ ማለትም ጭራዋ።

«ልነግርሽ ነበር» አላት፣ ቀና ሳይል።

«ሌላ ገዝቻለሁ።»

ሜዳው ከከተማው ዳር፣ የተዘጋ የጡብ ፋብሪካ ጀርባ ነው። በእረፍት ቀን የአውሮፕላን ወዳጆች እዚያ ይሰበሰባሉ፤ አውሮፕላኖቻቸው ተገዝተው የመጡ፣ በባትሪ የሚሠሩ፣ እንደ ትንኝ ሲር የሚሉ ናቸው። አለቃቸው «ካፒቴን» የሚሉት ሽበታም የጥርስ ሐኪም ነው፤ ባርኔጣው ላይ ወርቃማ ክንፍ አሰፍቷል፣ በሕይወቱ ግን አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም፤ ከፍታ ይፈራል። የመጋዝ ሞተር ነው ሲባል ካፒቴኑ አልሳቀም። በእጆቹ እየዳሰሰ ዞረው፤ የጭስ ማውጫውን ማርሚታ አየ፣ የእንጨቱን ውልብልቢት አየ፣ ከዚያ የባሏን እጅ አየና «ማነው አዙሮ የሚያስነሳው?» አለ። አናጢው እጁን አወጣ።

ክንፉን እየገጠሙ ሳለ የፀጉር ሠሪዋ ስልክ ጮኸ። ዋርሳዋ ነው።

«የት አደረስሽው?»

«ደህና ዋልክ ጋሼ?»

«ሞተሩን ነው የምልሽ! ቦርሳ ሞልተሽ ስትወጪ ጎረቤት አይቶሻል። ሰውዬው መጥቶ ቆሟል፣ አዋረድሽኝ!»

ምን እንዳስባላት አታውቅም። «ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ሜዳ ላይ ነን። ሰውዬህንም እማማንም ይዘሃቸው ና። ሲበር ታያለህ» አለችና ዘጋችው። ይብረር አይብረር የምታውቀው ነገር አልነበረም።

የባሏ የብሎን ቁልፍ መሐል ላይ ቆመ። «የምን ሰውዬ?»

«ለመለዋወጫ ሊገዛው የመጣ።»

«ሰምተሽ ነው ያመጣሽልኝ?»

«ሰምቼ ነው።»

ባሏ ብዙ አያት። ከዚያ አጎንብሶ ብሎኑን ጠበቅ አደረገው፤ ከሚገባው በላይ ጠበቅ አደረገው። ጆሮው ቀልቶ ነበር።

ካፒቴኑ የአውሮፕላኑን ጭራ በሁለት እጁ ያዘ፣ ባሏ ሪሞቱን አንገቱ ላይ አንጠለጠለ፣ አናጢው ጓንት አጥልቆ፣ ሞተሩን ለማስነሳት ውልብልቢቱን በመዳፉ መምታት ጀመረ። አይነሳም። መታ፣ መታ፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣበቀ። ፀጉር ሠሪዋ ራቅ ብላ ቆማ፣ ጆሮዋን ለመያዝ እጆቿን ደረቷ አካባቢ አድርጋ ትጠብቃለች። ዙሪያውን ከበው የነበሩት ሰዎች አንድ አንድ እያሉ ወደየራሳቸው አውሮፕላን ተመለሱ። ድንገት ሞተሩ አንዴ ጠሽ ብሎ ወደ ኋላ ሲመልስ ውልብልቢቱ አናጢውን ጣቶቹ ላይ ጠለዘው። «ነከሰኝ!» ብሎ ዘሎ ራቀ። ጓንቱ ባይኖር ኖሮ ጣቱ ይሰበር ነበር። ጓንቱን ሳሩ ላይ ጥሎ እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ፣ ከእንግዲህ ወዲህ አልነካውም ብሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። የእንጨት ነጋዴው ፒካፕ አቧራ እያነሳ የደረሰው ይሄኔ ነው። አማቷ ከፊት ወንበር ወረዱ፣ ዋርሳዋ ከኋላ።

«አያችሁ?» አለ ዋርሳዋ፣ ሁሉም እንዲሰማው። «ነገርኩ እኮ። አይነሳም። በቃ፣ ሰው ፊት አታዋርደን፣ ፍታውና ለሰውዬው ስጠው።»

ባሏ ወደ ሞተሩ ጎንበስ አለ። እሳት የሚያጭረውን ካንዴላ ፈታ፤ በቤንዚን ርሷል። «ጠጥቶ ነው፣ ሌላ ምንም አልሆነም» አለ። በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ፣ እፍ ብሎ፣ መልሶ አሰረው። ከዚያ ሪሞቱን ከአንገቱ አውልቆ ሳሩ ላይ አስቀመጠና ወደ ውልብልቢቱ ሄደ። ያንን ሦስት ጣት የቀረውን እጁን ዘረጋ።

«በዚህ እጅህ?» አሉ እናቱ። «በዚህ እጅህ፣ ልጄ?»

ፀጉር ሠሪዋ በሰዎቹ መሐል ማለፏን እንኳ አላስተዋለችም። የአናጢውን ጓንት ከሳሩ ላይ አንስታ እያጠለቀች ነበር።

«አንተ ሪሞትህን ያዝ» አለችው።

«አንቺ?»

«ምነው? ቀኑን ሙሉ ፀጉር ሲጎትት የሚውል ክንድ ነው። አሳየኝ።»

ባሏ ሪሞቱን ከሳሩ አንስቶ መልሶ አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሁለቱ ብቻ እንዳሉ ሆኖ አሳያት፤ መዳፏ የት ላይ እንደሚያርፍ፣ ከላይ ወደ ታች እንዴት መታ እንደምታደርገው፣ ወዲያው እጇን እንዴት እንደምትስብ። «ከመታሽው በኋላ አትቆዪ፣ ያንቺ ሥራ መሸሽ ነው» አላት። «መሸሽ እንኳ ስችልበት» አለች።

መታችው። ምንም የለም። መታችው። እንደ ሰው ሳል ሳል አለ። ዋርሳዋ የሆነ ነገር ሊናገር አፉን ሲከፍት ሦስተኛዋን መታች፤ ሞተሩ ፊቷ ላይ ፈነዳ። ውልብልቢቱ ጠፍቶ በቦታው የሚያብረቀርቅ ክብ ነገር ሆነ፤ ነፋሱ ሻሿን ገፎ ወሰደው። ባሏ እንዳሳያት በጎን አድርጋ ከክንፉ ኋላ ዞረች። ያው ድምፅ ነው፤ ከሺህ ድምፅ መሐል የምትለየው፣ ያው። ሲታነቅ ጠበቀች። ከዚያ የሚመጣውን ጩኸት ጠበቀች። ድምፁ ግን አልታነቀም። ባሏ በሪሞቱ ከፍ ሲያደርገው ይከተለዋል፣ ዝቅ ሲያደርገው ይለዝባል፤ የተቆጣውን እንደሚያባብል ሰው እየተጫወተበት ነበር። እጆቿ ጆሮዋ ላይ እንዳልሆኑ ያወቀችው በኋላ ነው።

ካፒቴኑ ጭራውን ለቀቀ። አውሮፕላኑ ሳሩን እየሰነጠቀ ሮጠ፣ አንድ ጊዜ ነጠረ፣ ሁለተኛ ነጠረ፣ ሦስተኛ አልነበረም። ተነሳ። በጡብ ፋብሪካው ጭስ መውጫ ላይ አልፎ ወደ ሰማዩ ሲወጣ ነጩ ክንፉ ፀሐይ አገኘው። በባትሪ የሚያበሩት ሰዎች የራሳቸውን ረስተው አንጋጠዋል። «የየራሳችሁን አውርዱ፣ አውርዱ፣ ከሰማይ ቦታ ልቀቁለት!» እያለ ካፒቴኑ ይጮሃል። ባሏ ሰፊ ክብ ሠራ፣ ከዚያ ዘቅዝቆ በሰዎቹ አናት ላይ እያጓራ አሳለፈው፤ አናጢው የተመታ እጁን ረስቶ ያጨበጭባል። እንጨት ነጋዴው ባርኔጣውን ይዞ፣ «እኔ ይሄንን ነው ለመለዋወጫ ልፈታው የነበረው? ምነው ሰውዬ፣ ኃጢአት ልታስገባኝ ነበር እኮ!» አለ ለዋርሳዋ። ዋርሳዋ አንገቱን ቀና አድርጎ ሰማዩን ያያል። ከጎኑ የቆመ አንድ ሰው «የማነው?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «የወንድሜ ነው» አለ። «ራሱ ነው የሠራው። በእጁ።»

ድምፁ የተቋረጠው ያን ጊዜ ነው፤ ድንገት፣ ከሜዳው ራቅ ብሎ ሳለ። «ሞተር ጠፋ! ሁሉም ሰው ዳር ይያዝ!» ሲል ካፒቴኑ ጮኸ። አናጢው ቤንዚኑን ለማስነሳት ሲታገል እንደጨረሰው፣ ማንም መልሶ እንዳልሞላው ፀጉር ሠሪዋ የተረዳችው የባሏን ፊት አይታ ነው። ዝም ያለው አውሮፕላን እየሰፈፈ ይመጣል። መንገዱ ላይ የፋብሪካው አጥር አለ። ባሏ ዘንጉን በሁለት ጣቶቹ መሐል ይዞታል፤ የፀጉር ስንጥቅ ያህል ወደ ኋላ፣ የፀጉር ስንጥቅ ያህል ወደ ፊት። አውሮፕላኑ አጥሩን ሊነካ ምንም ሳይቀረው አፍንጫውን ቀና አደረገ፣ ከአጥሩ አናት ላይ አለፈ፣ ሳሩን በእግሩ ዳበስ፣ ዳበስ አድርጎ አረፈ፤ እየተንከባለለም መጥቶ አማቷ ፊት ቆመ።

ጩኸቱ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ካፒቴኑ ባሏን አንገቱን አንቆ ሳመው። መኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ የተበላሹ ሁለት የቤንዚን ሞተሮች እንዳሉት፣ ሌሎቹም እንዲሁ እንደሆኑ፣ ይህን የሚያውቅ ሰው በከተማው ጠፍቶ እንደተቸገሩ በአንድ ትንፋሽ ነገረው። «ሰኞ ላምጣልህ?» ሲለው ባሏ ታላቅ ወንድሙን አየው። ዋርሳዋ የጫማውን ጫፍ ሲያይ ቆይቶ፣ «ሰኞ ይሁንልህ፤ ጥበቃ አይገባም ብዬ እኔ ለመሥሪያ ቤቱ እነግራለሁ» አለ ካፒቴኑን። ከዚያ ወደ ወንድሙ ጠጋ ብሎ ትከሻው ላይ እጁን አሳረፈ።

አማቷ ግን ከአውሮፕላኑ ፊት አልተንቀሳቀሱም። ጎንበስ ብለው የሞቀውን አፍንጫ በመዳፋቸው ከላይ ከላይ ከዳበሱ በኋላ፣ ከሩቅ መንገድ የመጣ ዘመድ እንደሚቀበሉ ሆነው፣ «እንኳን ደህና ገባህ» አሉት። «እንኳን ደህና ገባህ የኔ ልጅ።» ቀና ሲሉ ዓይናቸው ከምራታቸው ጋር ተገናኘ፤ ጠዋት ከወጥ ቤቱ በር ላይ እንደነበረው። አሁን ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ አላቆም ብሏቸው ክንፉን ተደግፈው ሲንፈቀፈቁ፣ ሌላው ሰው ምን እንዳሳቃቸው አልገባውም።

«እና፣ ተመልሶ አይወጣም?» አሉ አማቷ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

ባሏ ቤንዚን ሞላ። ሪሞቱን አንገቱ ላይ አንጠለጠለና ሚስቱን አየ፤ ሊጠይቃት ነበር፣ ግን አላስፈለገም። ፀጉር ሠሪዋ ጓንቷን እስከ አንጓዋ ስባ፣ እግሯን ሳሩ ላይ ተክላ፣ ቆማለች። በንፋስ የተበተነ ፀጉሯን በክንዷ ወደ ኋላ አለችና ዙሪያዋን የከበበውን ሰው አየች።

«ወደ ኋላ በሉ!» አለች።

ካፒቴኑም፣ እንጨት ነጋዴውም፣ ዋርሳዋም፣ ሁሉም ወደ ኋላ አሉላት። አንዴ መታችው፤ ተነሳ።